በልስን የሚሸፈን ሙያ፦ የግንበኛ የሥራ ሕይወት ምን ይመስላል?

አንድ ቤት ተሠርቶ ሲመረቅ እንግዶች የሚያደንቁት የግድግዳውን ቀለም፣ የወለሉን ንጣፍ፣ የበርና የመስኮቱን አሠራር ነው። ከቀለሙ ሥር ልስን አለ፤ ከልስኑ ሥር ደግሞ ብሎኬት፣ ጡብ ወይም ድንጋይ። ያን ብሎኬት አንድ በአንድ እየደረደረ ግድግዳውን ያቆመው ሰው በምርቃቱ ዕለት ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ግድግዳ ላይ ነው።

አናጢው የሠራው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይታያል፤ ቀለም ቀቢው የቀባው ግድግዳ ለዓይን ይቀርባል። የግንበኛው ሥራ ግን እንዳለቀ ይሸፈናል። ጥሩ ተሠርቶ ከሆነ ለዘመናት ማንም አያስታውሰውም፤ የሚታወሰው ግድግዳው ሲሰነጠቅ ነው። ሙያው በሚሸፈንበት ልክ በሙያተኛው አካል ላይ የሚደርሰው ጉዳትና በአከፋፈሉ ላይ ያለው እርግጠኛ አለመሆንም ከዕይታ ይሰወራል።

በየከተማው አዳዲስ ሕንፃዎች በሚነሡበት በዚህ ዘመን ግንበኝነት የብዙ ወጣቶች የእንጀራ ምንጭ ነው። ሙያው ምን ይጠይቃል? ምንስ ያስከፍላል? ሠራተኛውንም ሆነ ቤት አሠሪውን የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ከየሓ እስከ ጎንደር

የግንብ ሥራ በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ አለው። በትግራይ የሚገኘው የየሓ ቤተ መቅደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደታነጸ ይገመታል። በጥንቃቄ የተጠረቡት ድንጋዮቹ ያለ ማያያዣ ተገጣጥመው እስከ ዛሬ ቆመዋል። በላስታ ተራሮች በዋሻ ውስጥ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የእንጨትና የግንብ ረድፎች እየተፈራረቁ የታነጸ ነው። እነዚህ ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሚለዩት በአሠራራቸው ነው። የላሊበላዎቹ ከወጥ አለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው፤ ግንብ ግን ከታች ወደ ላይ፣ ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየተደረበ የሚያድግ ነው።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖራ የመገንባት ጥበብ በጣና ዙሪያና በጎንደር ተስፋፋ። በዐፄ ፋሲል ተጀምሮ በተተኪዎቻቸው የቀጠለው የጎንደር አብያተ መንግሥት ግንባታ የዚያ ጥበብ ምስክር ነው። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዘመኑ በግንበኝነትና በአናጢነት ካገለገሉት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ይገኙበታል፤ ከእነርሱም ማዕረግና መሬት ያገኙ እንደነበሩ የታሪክ ጥናቶች ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ባለሙያ የማሳነስ ልማድ በኅብረተሰቡ ውስጥ ለረጅም ዘመን ቆይቷል። ቤተ መንግሥቱን ያሠሩት ነገሥታት ስም በየመጽሐፉ ሲገኝ ድንጋዩን የደረደሩት ሰዎች ስም በአብዛኛው አልተመዘገበም።

የጎንደር ግንቦች ሌላም ትምህርት ይሰጣሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተወሰኑት ሕንፃዎች በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተደረገው ጥገና ግን ወደ ኖራ ተመልሷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኖራ እርጥበትን ያሳልፋል፤ ግድግዳው በትንሹ ሲንቀሳቀስም አብሮ ይለዝባል። ሲሚንቶ ግን ጠንካራና ድርቅ ያለ ስለሆነ እርጥበቱን በውስጥ ያፍናል፤ በጊዜ ብዛትም ድንጋዩን ይጎዳል። ጠንካራ የሆነ ነገር ሁሉ ለሁሉም ቦታ አይስማማም። ግንበኛ ከጉልበቱ በፊት የሚያስፈልገው ይህን መለየት ነው።

ከክሩ ጋር የሚደረግ ትግል

የግንበኛ ዕቃ ብዙ አይደለም። የግንበኛ ማንኪያ፣ መዶሻ፣ መሮ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ፣ ቱንቢና ክር ካሉት ሥራውን መጀመር ይችላል። ሁሉም በአንድ ማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው በትከሻ የሚያዙ ናቸው። ሙያው ያለው ዕቃዎቹን እየደጋገሙ በማመን ላይ ነው። ልምድ ያለው ግንበኛም ቢሆን ዓይኑን ብቻ አያምንም፤ ውሃ ልኩ አግድም መስተካከሉን፣ ቱንቢው ሽቅብ መቅናቱን ሳያረጋግጥ ወደሚቀጥለው ረድፍ አያልፍም።

ሥራው የሚጀምረው ከማዕዘን ነው። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑ የሚረጋገጠው በጥንታዊና ቀላል ስሌት ነው። ከማዕዘኑ ተነሥቶ በአንደኛው ጎን 3 ሜትር፣ በሌላኛው ጎን 4 ሜትር ይለካል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት በትክክል 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀንቷል። ከዚያ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ማዕዘኖች ጥቂት ረድፍ ይነሣሉ፤ በመካከላቸው ክር ይወጠራል፤ የመካከሉ ብሎኬት ክሩን እየተከተለ ይደረደራል። ብሎኬቱ ክሩን መንካት የለበትም። ከነካው ክሩ ይገፋል፤ ክሩ ከተገፋ ግድግዳው ሁሉ ይጎብጣል።

በሁለት ብሎኬቶች መካከል ያለው መጋጠሚያ ከታችኛው ረድፍ መጋጠሚያ ጋር በአንድ መስመር ላይ መዋል አይኖርበትም። ከዋለ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ደካማ መስመር ይፈጠራል፤ ስንጥቅ ሲመጣም በዚያው ይጓዛል። የድንጋይ ግንብ ከሆነ ደግሞ የሁለቱን ፊት ድንጋዮች የሚያያይዙ፣ ወደ ውስጥ የሚዘልቁ ረጃጅም ማሰሪያ ድንጋዮች በየመካከሉ ሊገቡ ይገባል። እነዚህ ካልገቡ ከውጭ አንድ የሚመስለው ግንብ በውስጡ ሁለት ቀጫጭን ግድግዳዎች ሆኖ ይቀራል።

ትንሽ ስሕተት በዚህ ሥራ ትንሽ ሆና አትቀርም። እያንዳንዱ ረድፍ በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውጭ ቢያዘነብል ከ15 ረድፍ በኋላ ግድግዳው 3 ሳንቲ ሜትር ከቱንቢው ወጥቷል ማለት ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው ብሎኬት 15 ረድፍ የአንድ ቤት ግድግዳ ቁመት ያህል ነው። ያን ጊዜ ለሳኙ ጉድለቱን ለመሸፈን ልስኑን ማወፈር ይኖርበታል። ወፍራም ልስን ሲሚንቶ ይበላል፤ ይከብዳል፤ ቶሎም ይላቀቃል። አሠሪው ለተጣመመው ግድግዳ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ መጀመሪያ ለግንበኛው፣ ቀጥሎ ለለሳኙ።

ሲሚንቶው የሚቆጥረው ሰዓት

ግንበኛው የሚሠራው ከጊዜ ጋር እየተሽቀዳደመ ነው። በውሃ የተለወሰ የሲሚንቶና የአሸዋ ሞርታር በሁለት ሰዓት ገደማ ጊዜ ውስጥ ሥራ ላይ መዋል አለበት። ከዚያ በኋላ መጠንከር ይጀምራል። የደረቀውን እንደገና በውሃ አለስልሶ መጠቀም በየሥራ ቦታው የሚታይ ልማድ ነው። ቁሳቁስ የተቆጠበ ይመስላል፤ ነገር ግን መያያዝ የጀመረው ሲሚንቶ አንዴ ከተናደ የቀድሞ ጥንካሬውን መልሶ አያገኝም። ውሃ የበዛበት ሞርታርም እንዲሁ ለማንኪያ ይቀላል እንጂ ሲደርቅ ደካማ ነው።

ግድግዳው ከተነሣ በኋላም ሥራው አያበቃም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ደርቆ ሳይሆን ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ውሕደት ነው። ስለዚህ አዲሱ ግድግዳ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያህል ጠዋትና ማታ ውሃ ሊጠጣ ይገባዋል። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ይህ ካልተደረገ ሞርታሩ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር አሸዋ ይሆናል። ውሃ በቦቴ በሚገዛበት ሰፈር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀነሰው ይኸው ውሃ ነው።

ችኮላም ሌላው ጠላት ነው። የታችኛው ረድፍ ሞርታር ሳይጠነክር ብዙ ረድፍ ከተጫነበት ሞርታሩ ይጨመቃል፤ ግድግዳውም ከመስመሩ ይወጣል። በዚህ ምክንያት በአንድ ቀን ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ባይነሣ ይመረጣል። ክፍያው በካሬ ሜትር የሆነ ግንበኛ ግን ቆሞ በጠበቀበት ሰዓት ገቢ አያገኝም። እዚህ ላይ የሙያው ሕግና የአከፋፈሉ ሥርዓት ፊት ለፊት ይጋጫሉ።

ከልስን በታች የሚቀረው ጥራት የሰው ሕይወት ጉዳይ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በ2017 ዓ.ም በአፋር ክልል በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ቤቶችን አፈራርሷል፤ በርካታ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል፤ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። መሬት በሚንቀጠቀጥበት ጊዜ ከአርማታ ምሰሶው ጋር በሚገባ ያልተያያዘ፣ በደካማ ሞርታር የቆመ ግድግዳ በሰው ላይ ለመውደቅ የመጀመሪያው ነው።

አካል የሚከፍለው ዋጋ

የአንድ ቀን ሥራ በቁጥር ሲሰላ ድካሙ ግልጥ ይሆናል። 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ብሎኬት በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ 12 ገደማ ይገባል። አንድ ግንበኛ በቀን 10 ካሬ ሜትር ቢሠራ 120 ብሎኬት ያነሣል ማለት ነው። ወፍራሙ ብሎኬት 15 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። በ15 ኪሎ ግራም ቢሰላ እንኳ ግንበኛው በአንድ ቀን ከመሬት ወደ ጉልበቱ፣ ከጉልበቱ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ትከሻው ያወጣው 18 ኩንታል ነው። ሞርታሩና ውሃው በዚህ አልተቆጠረም።

ያን ሁሉ ወደ እርሱ የሚያደርሱት ረዳቶች ናቸው። አሸዋ የሚነፉ፣ ሲሚንቶ የሚለውሱ፣ በባሬላና በባልዲ የሚያመላልሱ የቀን ሠራተኞች ከሌሉ የግንበኛው እጅ ሥራ ይፈታል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ከረዳትነት ወደ ግንበኝነት የሚያድጉት ግን በአብዛኛው ወንዶች ሆነው ይታያሉ።

የወገብ፣ የጉልበትና የትከሻ ሕመም ለግንበኛ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ጓደኛ ነው። ከዚያ የከፋው ግን በዝምታ የሚመጣው ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን የሚያቃጥል ኃይለኛ አልካሊ ነው። ቃጠሎው ወዲያው ስለማይሰማ ሠራተኛው ልብሱ በሞርታር እንደራሰ፣ ጉልበቱን በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ እንዳንበረከከ ሰዓታት ያሳልፋል፤ ማታ ሲታይ ቆዳው ቆስሏል። ከዓመታት ንክኪ በኋላም ሲሚንቶ በነካቸው ቁጥር ቆዳቸው የሚቆጣ ሠራተኞች አሉ፤ አንዳንዶቹ ሙያውን እስከ መተው ይደርሳሉ።

ድንጋይና ብሎኬት በመሮም ሆነ በማሽን ሲቆረጥ የሚወጣው ደቃቅ አቧራ ደግሞ ሲሊካ የተባለውን ማዕድን ይይዛል። ለዓመታት የተነፈሱት ሰዎች ሲሊኮሲስ ለተባለ የሳንባ በሽታ ይጋለጣሉ። በሽታው ሳንባን ያጠነክራል፤ የተጎዳውንም ሳንባ ወደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት የለም። አቧራውን መቀነስ ግን ይቻላል። ድንጋዩን ከመቁረጥ በፊትና በሚቆረጥበት ጊዜ ውሃ ማርከፍከፍ፣ ነፋስን ከጀርባ አድርጎ መቆም፣ ለአቧራ የተሠራ ጭምብል ማድረግ ይጠቅማል። በጨርቅ አፍን መሸፈን ደቃቁን አቧራ አያስቀርም።

ግድግዳው ከሰው ቁመት ካለፈ መወጣጫ ያስፈልጋል። በብዙ ቦታ መወጣጫው በሚስማር የተያያዘ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። በአግባቡ ከታሰረና መደገፊያ አጥር ካለው ያገለግላል። ዝናብ የመታው፣ ለብዙ ሕንፃ የዞረ፣ ሚስማሩ የላላ እንጨት ግን በሰው፣ በብሎኬትና በሞርታር ክብደት ሥር መች እንደሚሰበር አይታወቅም።

በቃል የሚቆም ውል

ሥራ የሚገኘው በትውውቅ ነው። ቤት አሠሪው ሥራ ተቋራጩን ያውቃል፤ ተቋራጩ ካቦውን፣ ማለትም የሠራተኞቹን መሪ ይጠራል፤ ካቦው ግንበኞቹን፣ ግንበኛው ረዳቶቹን ያመጣል። ገንዘቡም በዚያው መሰላል ይወርዳል። በአንዱ እርከን ከዘገየ ከታች ያሉት ሁሉ ይጠብቃሉ። ስምምነቱ አብዛኛውን ጊዜ በቃል ስለሆነ ካሬው ሲለካ፣ የመስኮት ክፍተት ይቀነስ አይቀነስ ሲባል፣ የፈረሰው እንደገና በማን ወጪ ይሠራ ሲባል ጠብ ይነሣል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። አሠሪው የአደጋ መከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ፣ የተፈረመበት ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት ይጠበቅበታል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በመርሕ ደረጃ ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት የመሳሰሉት ግን ከዚህ ውጪ ናቸው። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርም የተከለከለ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ግንበኞች የማያስተውሉት አንድ ልዩነት አለ። ይኸው አዋጅ በራሱ የሙያ ኃላፊነት ወይም በራሱ የንግድ ሥራ ኪሳራና ትርፍ ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። ስለዚህ አንድ ግንበኛ «ይህን ቤት በቁርጥ ዋጋ እጨርሳለሁ» ብሎ ራሱን ችሎ ሲዋዋል እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ሥራ ተቀባይ ሊቆጠር ይችላል። በቁርጥ መሥራት የተሻለ ገቢ ያስገኛል፤ ነገር ግን መወጣጫው ቢሰበር የሚጠይቀው አሠሪ ላያገኝ ይችላል። ከዚህም በላይ ያመጣቸው ረዳቶች ቢጎዱ አሠሪ ተብሎ የሚጠየቀው እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። የተሻለ ዋጋ ሲደራደር ይህንንም አብሮ ማስላት ይኖርበታል።

ገቢው ወቅትም አለው። ክረምት ሲገባ የመሠረት ጉድጓድ ውሃ ይሞላል፤ ዝናብ ትኩስ ሞርታር ያጥባል፤ ሥራው ይቀዘቅዛል። ከገጠር የመጡት ብዙዎች ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፤ ከተማ የቀሩት በበጋ ያጠራቀሙትን ይበላሉ። የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር ወይም አቅርቦቱ ሲቋረጥ ደግሞ በፀሐይ ወራትም ሥራ ይቆማል፤ በቀን ሒሳብ የሚኖረው ሠራተኛም በዚያኑ ቀን ገቢው ይቋረጣል።

ሙያው እንዴት ይለመዳል?

አብዛኛው ግንበኛ ሙያውን የቀሰመው በረዳትነት ነው። ሞርታር እያቀበለ የዋናውን ግንበኛ እጅ ያያል፤ በምሳ ሰዓት ማንኪያውን አንሥቶ ይሞክራል፤ አንድ ቀን ከልስን በኋላ በማይታይ ግድግዳ ላይ ክር ይዞ እንዲደረድር ይፈቀድለታል። መንገዱ ለእጅ ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ችግሩ ረዳቱ የመምህሩን ጥበብ ብቻ ሳይሆን ስሕተቱንም አብሮ መውረሱ ነው። የደረቀ ሞርታር በውሃ ማለስለስን ከመምህሩ ያየ ልጅ ነገ ለራሱ ረዳት ያንኑ ያሳያል።

በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሚሰጠው ሥልጠናና የሙያ ብቃት ምዘና የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ለዓመታት በሥራ የተማረ ሰውም ተመዝኖ የብቃት ማረጋገጫ መውሰድ ይችላል። ማረጋገጫው በትልልቅ የግንባታ ድርጅቶች ለመቀጠር፣ ደመወዝ ለመደራደርና በማኅበር ተደራጅቶ ሥራ ለመውሰድ ያግዛል። የወረቀቱ ጥቅም ግን አሠሪው ሲጠይቀው ነው። ርካሽ ዋጋ ያቀረበ ሁሉ በሚመረጥበት ገበያ ተምሮ የሚጠነቀቀው ግንበኛ በማይጠነቀቀው ይበለጣል።

ለቤት አሠሪ የሚበጀው ምርመራ ብዙ ወጪ የለውም። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት አንድ ቀን ሰጥቶ በውሃ ልክና በቱንቢ መለካት፣ መጋጠሚያዎቹ በአንድ መስመር አለመዋላቸውን ማየት፣ ሞርታሩን በሚስማር ጫር አድርጎ መፈርፈር አለመፈርፈሩን መፈተን ይቻላል። በዚያው ቀን ካሬው በሁለቱ ወገኖች ፊት ተለክቶ፣ ቀሪው ክፍያ በጽሑፍ ሰፍሮ ቢፈረም ለሁለቱም ዋስትና ነው። ለሳኙ በማግሥቱ ሥራውን ከጀመረ በኋላ የግንበኛውን ጥንቃቄም ሆነ ጉድለት መልሶ ማየት የሚቻለው ግድግዳውን በማፍረስ ብቻ ነው።